ደርቋል ማለት ድኗል ማለት አይደለም

ውሃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ አድሮ ጠዋት ሲበራ ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ሩዙ ወደ ድስት፣ ስልኩ ወደ ኪስ ይመለሳል። ወር ሁለት ወር ቆይቶ ግን ስክሪኑ ይጨልማል፤ ወይ ቻርጅ አልቀበል ይላል፤ ወይ አንድ ቀን ከእንቅልፍ ሲነሱ ጭራሽ አልነሣ ብሎ ይገኛል። ባለቤቱ ያኔ የሚያማርረው ቻርጀሩን፣ ባትሪውን ወይም የመብራት መቆራረጡን ነው። ውሃውን ድሮ ረስቶታል። ጥገና ቤት ሲቀርብም "ምንም አልነካውም፣ ዝም ብሎ ነው የጠፋው" ይላል። ጠጋኙ ይህን ቃል ስለለመደው መልስ አይሰጥም፤ ዝም ብሎ ስልኩን ይከፍታል።

ስልክን የሚጎዳው ውሃው ብቻውን አይደለም። ውሃው እያለ በቦርዱ (የስልኩ ክፍሎች በተበየዱበት ሰሌዳ) ላይ የሚያልፈው ኤሌክትሪክና ውሃው ተንኖ ሲሄድ ትቶት የሚቀረው ጨው ናቸው። ስለዚህ ማድረቅ ከጥገናው ትንሹ ሥራ ነው። አንዳንዴም ሰውን አዘናግቶ ዋናውን ሥራ ስለሚያስቀር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ነገሩ ዛሬ ከድሮው የከበደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙ ሳምንት ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባው ስልክ ብቻ ሳይሆን እዚሁ የሚገጣጠመውም አካሉ የሚገዛው በዶላር ስለሆነ ዋጋው አብሮ ተሰቀለ። "ተወው፣ ሌላ እገዛለሁ" ማለት ለብዙው ሰው ቀርቷል። በዚያ ላይ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ቦርሳም ባንክም ሆኗል። የታክሲ፣ የመብራት፣ የዕቁብ ገንዘብ በእሱ ነው የሚያልፈው። ስልኩ ውሃ ሲገባበት የሚቆመው ወሬ ብቻ አይደለም።

ውሃውም ከየትም ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች መታጠቢያ ቤቱ በባልዲና በበርሜል የተሞላ ነው፤ የኋላ ኪስ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ ደግሞ ጎንበስ ሲሉ የሚወድቀው እዚያው ነው። ጃንሜዳ ላይ ካህናቱ ጠበል ሲረጩ ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ቪዲዮ እየቀረጸ ነው። አሳሌ ሐይቅ ላይ ጫማውን አውልቆ ፎቶ የሚነሣው ጎብኚ ከሁሉም የከፋውን አደጋ በእጁ ይዟል፤ የዚያ ውሃ ጨውነት ከባሕር ውሃ እጅግ ይበልጣል። ቢራ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳና ወተት ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ይደርቃሉ፣ ግን አይሄዱም።

ከውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያስተላልፍም። ከቧንቧ የሚወርደው ግን ካልሲየም፣ ሶዲየምና ክሎራይድ የሟሙበት ስለሆነ ያስተላልፋል። የስልክ ባትሪ ሲሞላ ከ4.2 እስከ 4.4 ቮልት አካባቢ ነው፤ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መበተን የሚጀምረው ደግሞ ከ1.23 ቮልት በላይ ነው። ጉልበቱ ከበቂ በላይ ነው ማለት ነው። ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ካለበት ነጥብ መዳቡ እየሟሟ ይለቅቃል፤ በውሃው ውስጥ ተጉዞ ኔጌቲቭ ወዳለበት ይሄድና እዚያ እንደ ተክል ሥር እየተዘረጋ ይበቅላል። በቦርዱ ላይ በአንዱና በሌላው ነጥብ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሥሩ ሲደርስ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ስቶ በአቋራጭ ያልፋል፤ ሾርት ሆነ ይባላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ያጠፉት ስልክ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ባትሪው ከቦርዱ ጋር እንደተያያዘ ስለሆነ ዋናው መስመር ላይ ቮልቴጁ አለ፤ ሰዓቱም ይቆጥራል፣ የማብሪያ ቁልፉም ይጠብቃል። በኖኪያ ዘመን ክዳኑን ከፍቶ ባትሪውን መንቀል የማንም ሥራ ነበር፤ ያን ጊዜ ስልክ ውሃ ውስጥ ወድቆ መትረፉ የአካሉ ጥንካሬ ብቻ አልነበረም። ዛሬ ባትሪው ተጣብቆ ከመስታወት ሥር ስለተቀበረ፣ ሩዝ ውስጥ የተኛው ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ቮልቴጅ ላይ እንዳለ ያድራል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይወስናሉ። ስልኩን አውጥቶ ወዲያው ማጥፋት፣ የሲም ማስቀመጫውን ማውጣት፣ የቻርጅ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ መዳፍ ላይ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ፣ ከዚያ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማስቀመጥ። "ይሠራ ይሆን" ብሎ ማብራት ግን የለም። ቻርጀር መሰካት ደግሞ ከማብራትም ይብሳል፤ እኔ ካየኋቸው የሞቱ ስልኮች ብዙዎቹን የገደላቸው ይኸው ነው። አዳዲሶቹ ስልኮች ቀዳዳው ውስጥ እርጥበት ሲያገኙ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ፤ አንዳንዱ ማስጠንቀቂያውን አልፎ ቻርጅ የማድረግ አማራጭ ስለሚሰጥ ቸኩሎ የሚጫነው ሞልቷል። የፈሰሰው ሻይ ወይም የባሕር ውሃ ከሆነና ስልኩ ያልተከፈተ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ውሃ እንዲቋቋም የተሠራ ከሆነ አምራቾቹ ራሳቸው በንጹሕ የቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት ይላሉ። መከላከያ የሌለውን ስልክ ግን እንዲህ ማድረግ ሞቱን ማፋጠን ነው።

የፀጉር ማድረቂያ አይመከርም፤ ነፋሱ ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላላል። ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ማስመታትም እንደዚያው ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም።

ሩዙስ? አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በወጣው መመሪያው አይፎንን ሩዝ ውስጥ አትክተቱ፣ ብናኙ ስልኩን ሊጎዳ ይችላል ብሏል። ምክንያቱን ለመረዳት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ደረቅ ሩዝ ከአየር ላይ የሚስበው እርጥበት ጥቂት ነው፤ ከቺፕ ሥር የተደበቀችን ጠብታ ከሩቅ የሚጠራበት ኃይል የለውም። ጠረጴዛ ላይ አየር እያገኘ የተቀመጠ ስልክ ቢያንስ ከሩዝ ከረጢት ባልተናነሰ ይደርቃል፤ ቀዳዳውም ዱቄት አይገባበትም። የቤታችንን እህል እያየ ጤፍስ የሚል ካለ፣ ለቻርጅ ቀዳዳና ለድምፅ ማውጫ ወንፊት ከጤፍ የባሰ ጠላት አይገኝም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። መገናኛ አካባቢ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ቁጭ ብዬ ያየሁት ስልክ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ብዙ ቀን የሰነበተ ነው፤ ባለቤቱ "በደንብ ደርቋል" ብሎ ነው ያመጣው። ጠጋኙ የኋላ መስታወቱን አሙቆ በቀጭን ፕላስቲክ አነሣው። ሌላ ነገር ሳይነካ የባትሪውን ማገናኛ ነቀለ። ላዩ በእርግጥ ደረቅ ነበር። ቦርዱን አውጥቶ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲያደርገው ግን ቺፖቹን ከሚሸፍነው ቀጭን የብረት ክዳን ጠርዝ ላይ አረንጓዴና ነጭ ቅርፊት ይታያል። ክዳኑን በሙቅ አየር ሲያነሣው ከኃይል ማከፋፈያው አይሲ (ቺፕ) ጎን ውሃው ዛሬም አለ፤ ተኝቶ ያብረቀርቃል። ባለቤቱ አንገቱን አስግጎ አየና "ይህን ሁሉ ቀን?" አለ። ክዳኑ የተሠራው የራዲዮ ሞገድ እንዳያልፍ ነው፤ በዚያው አየርም እንዳይገባ ያደርጋል።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ጥሩ ጠጋኝን ከመጥፎው የሚለይ ይመስለኛል። ቦርዱን ከባትሪ ይልቅ ቮልትና አምፔር ከሚያሳይ የኃይል ሳጥን ጋር አገናኘው። ጤነኛ ቦርድ የማብሪያ ቁልፉ ሳይነካ የሚወስደው ኃይል ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። ይኸኛው ገና ሳይነካ መጎተት ጀመረ። የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የት? ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ ያለው ቤት ወዲያው ያየዋል፤ እሱ ግን የለውም። ሮዚን (ለብየዳ የሚውል ሙጫ) አጭሶ ቦርዱን ነጭ አለበሰው፤ አነስተኛ ቮልቴጅ ለቀቀበት። ከነጩ መሐል አንዲት ነጥብ ቀለጠችና ጥርት አለች። ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ካፓሲተር፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ክፍል ናት። አነሣት፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ። እንዲህ ያሉ ካፓሲተሮች ብዙዎቹ ኃይሉን ለማለስለስ በርከት ብለው ጎን ለጎን የተቀመጡ ስለሆኑ አንዷ ብትጎድል ስልኩ አይቸገርም።

ጽዳቱ ከዚያ በኋላ ነው። ትክክለኛው ፈሳሽ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ ውሃውን ይዞ ይተናል። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70 በመቶ ግን ቀሪው ውሃ ነው። ቲነር የሚጠቀሙም አሉ፤ ርካሽ ነው፣ ይገኛል፣ ነገር ግን ፕላስቲክና ማጣበቂያ ይበላል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ለላዩ ይበቃል፤ ከቺፕ ሥር ያለውን ግን በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ማሽን ካልሆነ ብሩሽ አይደርስበትም። ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ቦርዱ ብቻ ነው፤ ካሜራ፣ ስክሪንና ባትሪ አይገቡም። ጥገና ቤት ስትሄዱ "ምን ያህል ነው" ከማለታችሁ በፊት "ክዳኑን ታነሣዋለህ ወይ፣ በምንስ ታጥበዋለህ" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ይነግራችኋል። "እናደርቀዋለን፣ ነገ ና" የሚል ቤት ሩዙን በሌላ ስም እየሸጠላችሁ ነው።

ከሁሉም ቶሎ ከሚጎዱት አንዱ የኤልሲዲ ስክሪን የኋላ መብራት መስመር ነው። ከባትሪው ቮልቴጅ አሳድጎ ወደ 20 ቮልት አካባቢ ስለሚሠራ ውሃ ሲያገኝ አይምርም። "ስክሪኑ ሞተ" የተባለውን እንዲህ ያለ ስልክ ጨለማ ውስጥ በሌላ ስልክ መብራት በጎን ብታዩት ምስሉ እዚያው አለ፤ የጠፋው ብርሃኑ ነው። ይህን ሳያይ አዲስ ስክሪን የሚያስገዛ ጠጋኝ ደንበኛውን በከንቱ ያስወጣዋል፤ አዲሱም ስክሪን ሲገጠም ጨለማ ነው። ኦሌድ ስክሪን ያላቸው ላይ ይህ ሙከራ አይሠራም፤ የኋላ መብራት የላቸውም።

ደንበኛውም ድርሻ አለው። የፈሰሰውን ነገር መደበቅ የሚጎዳው ራሱን ነው። ቢራ መሆኑን ያላወቀ ጠጋኝ የስኳሩን ሙጫ ሳያጥብ ሙቀት ይለቅበታል። ሽንት ቤት የወደቀም ከሆነ ይነገር፤ ሰውየው በባዶ እጁ ነው የሚነካው።

"የኔ እኮ ውሃ አያስገባም" የሚሉም አሉ። ሳጥኑ ላይ አይፒ67 ከተጻፈ በ1 ሜትር ጥልቀት እስከ 30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። አይፒ68 ከሆነ ጥልቀቱን የሚወስነው አምራቹ ነው፤ ሳምሰንግ በብዛት 1.5 ሜትር ይላል፣ አፕል ከአይፎን 12 ወዲህ በብዙ ሞዴሎቹ 6 ሜትር ይላል። ፈተናው ግን አዲስ ስልክ ላይ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በንጹሕና በረጋ ውሃ የተደረገ ነው። ውሃውን የሚከለክለው በጠርዙ ዙሪያ ያለ ቀጭን ማጣበቂያ ነው፤ ስልኩ ሲወድቅ፣ ሲያረጅ፣ ሲሞቅ ይላላል። እኛ ሀገር ደግሞ ስክሪን ያልተቀየረለት ስልክ ማግኘት ከባድ ነው። ስክሪኑ በተቀየረ ቀን ያ ማጣበቂያ ተገንጥሏል፤ በቦታው የገባው ብዙ ጊዜ ከቱቦ የሚጨመቅ ሙጫ ነው። ቁጥሩ በሳጥኑ ላይ ይቀራል፣ መከላከያው ግን የለም።

አምራቾቹም ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ውሃ ይቋቋማል ብለው እያስተዋወቁ በዋስትናቸው የውሃ ጉዳትን የማይሸፍኑት። የኢጣሊያ የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው በዚሁ ነበር፤ ማስታወቂያው ሁኔታዎቹን በግልጽ አይናገርም፣ ዋስትናውም ጉዳቱን አይክስም በሚል። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የሳምሰንግ የአውስትራሊያ ኩባንያ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍል አዟል፤ የጋላክሲ ስልኮችን በመዋኛ ገንዳና በባሕር ውሃ ውስጥ እያሳየ አስተዋውቋል፣ የቻርጅ ቀዳዳቸው ግን ከዚያ ወጥቶ እርጥብ ሳለ ቻርጅ ከተደረገ ሊዝግ ይችላል ተብሎ። ሳምሰንግም ማስታወቂያዎቹ አሳሳች እንደነበሩ አምኗል።

አውሮፓ ከቅጣት አልፎ ወደ ጥገና ሕግ ሄዷል። ከሰኔ 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኅብረቱ ገበያ የሚቀርቡ ስልኮች ሽያጫቸው ካበቃ በኋላ መለዋወጫቸው ለ7 ዓመት መገኘት አለበት። ባትሪው በቀላሉ የሚነቀል እንዲሆንም ሕጉ ይፈልጋል፤ ግን በር ተትቷል። ባትሪው ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ጥንካሬውን ከጠበቀና ስልኩ ውሃን በ1 ሜትር ለ30 ደቂቃ ከተቋቋመ፣ ባለቤቱ ራሱ እንዳይነቅለው ተደርጎ ቢታሸግ ይፈቀዳል። ውሃን መከላከል ስልኩን ለማሸግ ሰበብ ሆነ ማለት ነው። ውሃው ሲገባ ደግሞ መጀመሪያ መነቀል ያለበት ያው የታሸገው ባትሪ ነው። እኔ ይህን ልውውጥ ለገዢው የሚጠቅም ሆኖ አላገኘሁትም።

የእኛ ጠጋኝ እነዚህ ሕጎች የሚያስገድዱትን መለዋወጫና መመሪያ ጠብቆ አይሠራም። የቦርድ ካርታውን ከቻይና ሶፍትዌሮች ያያል፤ አይሲውን ከሞተ ቦርድ ይነቅላል፤ ያልተሸጠለትን ዕቃ ከዱባይ ሰው ያስልካል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የመጣ አይፎን ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ፊትን የሚለየው ክፍል ከራሱ ቦርድ ጋር የተጣመረ ነው፤ ውሃ ካበላሸው በብዙ ሞዴሎች ላይ ከሌላ ስልክ የተነቀለ እንዲሁ ተተክቶ አይሠራም። ስልኩ ይነሣል፣ ፊት ግን አያውቅም።

ገንዘቡን በተመለከተ ግን መደናገጥ አያስፈልግም። ቴሌብርም ሆነ የባንክ ሒሳብ የተቀመጠው ስልኩ ውስጥ አይደለም። ሲም ካርድ ውሃን በደንብ ይችላል፤ ጠርጎ በማንኛውም የቁልፍ ስልክ ላይ ከትቶ *127# መደወል ነው። የንግድ ባንክ ደንበኛ *889# አለው። የቴሌግራም መልእክትም በአዲስ ስልክ ላይ ተመልሶ ይመጣል። የሚጠፋው ፎቶው ነው፤ የልጅ ልደት፣ የሟች እናት ድምፅ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለች እህት የላከችው ቪዲዮ።

እዚህ ላይ "ሜሞሪውን ነቅለን ሌላ ላይ እናነበዋለን" የሚል ተስፋ የሚሰጥ ካለ ለአሮጌ ስልኮች ካልሆነ አትመኑት። አይፎን ከዓመታት በፊት ጀምሮ፣ አንድሮይድ 10ን ይዘው የወጡ ስልኮችም በሙሉ መረጃቸውን የሚያስቀምጡት ተመስጥሮ ነው፤ ቁልፉ ከዚያው ስልክ ፕሮሰሰር ጋር የታሰረ ነው። ሜሞሪው ብቻውን ወጥቶ ቢነበብ ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። ፎቶውን ማዳን ማለት ቦርዱን ራሱን፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ማስነሣት ነው። ስለዚህ ፎቶ የሚፈልግ ደንበኛ ለጠጋኙ "ስልኩ ዘላቂ እንዲሆን ሳይሆን አንዴ እንዲበራልኝ ነው" ብሎ በግልጽ ይናገር፤ ሥራው የተለየ ነው፣ ዋጋውም። በዚሁ ምክንያት ውሃ ገብቶበት በራሱ የተነሣ ስልክ ላይ የመጀመሪያው ሥራ በዚያው ዕለት ፎቶውን ወደ ሌላ ቦታ ማስተላለፍ ነው። የሚቀጥለውን ሳምንት ማየቱን የሚያረጋግጥ ማንም የለም። የይለፍ ቃላችሁን ጽፋችሁ ለጠጋኝ ትታችሁ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በተለይ ሴቶች በዚህ የደረሰባቸውን ያውቃሉ። ሲሞከር አጠገቡ ሆኖ ራስ መክፈት ይሻላል።

ደርቆ የበራ ስልክ ሁሉ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር አይቆይም። ብዙው ሳያረጅ ይሸጣል። ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ካሜራውን ወደ ብርሃን አዙሮ ከውስጥ ጭጋግ ወይም የደረቀ የጠብታ ክብ እንዳለ ይመልከት፤ ዘፈን ከፍቶ ድምፁ የታፈነ መሆኑን ይስማ፤ ቻርጀር ሰክቶ ጥቂት ይጠብቅ። አይፎንን ጨምሮ ብዙ ስልኮች በሲም ማስቀመጫው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ሲነካት ከነጭ ወደ ቀይ የምትለወጥ ትንሽ ምልክት አላቸው፤ በመብራት ትታያለች። ምልክቷን የሚቀይሩ ስላሉ ነጭ መሆኗ ዋስትና አይሆንም፤ ቀይ ከሆነች ግን ክርክር የለም። ሻጩ "የሲም ማውጫ የለኝም" ካለ የጆሮ ጌጥ ይበቃል።